አንዲት ቀጭን አጥንት

ሄመን ሩጫ በጀመረች በጥቂት ወር ውስጥ እግሯ አደገ። ቀልድ አይደለም፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቁመቷ መጨመር ካቆመ የቆየ፣ እግሯ አደገ። ሠላሳ ሰባት ቁጥር ልክክ ይልላት የነበረው ጫማ አንድ ጠዋት አልገባም አላት።

«እትዬ፣ ይቺ ጫማ ጠበበችኝ» አለች፣ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጣ ተረከዟን በአውራ ጣቷ እየገፋች።

ማሪቱ ሳቀች። ማሪቱ ሱሉልታ ላይ፣ ከጎጃም መንገድ ዳር፣ ሰልባጅ የሯጭ ጫማ እየሸጠች የኖረች ሴት ናት። «ጫማ ሲረግጡት ይሰፋል እንጂ ይጠባል እንዴ? የማበላሽ ምግብ ሁሉ እግርሽ ላይ ነው እንዴ የሚወርደው? ሌላው አካልሽማ ሸምበቆ ነው!»

አሰልጣኙ ባይሳ ግን አልሳቀም። ዱሮ ራሱ ሯጭ ነበር፤ አሁን ጀማሪዎችን ሰብስቦ ሜዳው ላይ ያሠራል። «ያለ ነው፣ እትዬ ማሪቱ» አለ። «ሩጫ ሲጀመር እግር ይዘረጋል። ውስጡ ገና ሥራ ላይ ነው። እንዳትቸኩል ብቻ ይንገሩልኝ።»

መቸኮል ግን የሄመን ነገር ነበር። የሙሎ ልጅ ናት፤ አባቷ ኦቦ ጎበና ጤፍና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ሙሎ ሳለች ሮጣ አታውቅም። ሌሎቹ ሯጮች በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገት ቁልቁለቱን ፈጅተውታል፤ የሄመን ትምህርት ቤት አጥራቸው ሥር ስለነበረ ደወል ከተደወለ በኋላ እንኳ ፊቷን ታጥባ ትደርስ ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣላትም። በዚያው ዓመት የአባቷ ማሳ ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አደረ። ኦቦ ጎበና ማን እንደተከለው ቢጠይቁ «የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነው» ከማለት በቀር የመለሰላቸው የለም። ሄመን ችካሉን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ጨርቋን ጠቅልላ ሱሉልታ መጣች።

«መሬቱ ከሄደ ከኛ ቤት አንድ ሰው ደመወዝተኛ መሆን አለበት» አለቻት ለማሪቱ። በጥር ወር አንድ ክለብ ሴት ሯጮችን አወዳድሮ ሊቀጥር ነበር፤ ባይሳም አስመዝግቧታል። ከዚያ በኋላ የልጅቱ ነገር ሁሉ፣ እንቅልፏም ምግቧም፣ ወደዚያች የጥር ጠዋት ዞረ።

ማሪቱ ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሾፌር ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ አምጥቶ ሱሉልታ ላይ ቤት ሠራላትና ሳይጠጋገቡ ሞተ። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለሄመን ስታከራያት ለኪራዩ ብላ ነበር፤ ሁለተኛው ወር ላይ ግን መቀበሉ አሳፈራት። አብሽ በጥብጣ ታጠጣታለች፤ «አጥንት ያበረታል» ትላለች። ላብ የጠጣ ካልሲዋን እየተቆጣች ታጥብላታለች። ሰው ሲጠይቃት «ተከራዬ» ማለት ትታ «ልጄ» ማለት ጀመረች። እንዲህ ያለ ደስታ ለሷም ይደርሳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ልጅቱም በፈንታዋ ኦሮምኛ ታስተምራታለች። ማሪቱ በገበያ ኦሮምኛ ሰላም ትላለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ምላሷ ይደናቀፋል። በተለይ የቃል መጨረሻ ጠላቷ ነው። አንድ ቀን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ለልጃቸው ጫማ መርጠው «ነገ እመለሳለሁ» ሲሏት፣ «ዛሬውኑ ይምጡ» ልትል ፈልጋ «ሀሬ ኮቱ!» ብላ በሙሉ ድምፅ ጠራቻቸው። ዛሬ «ሀራ» ነው፤ «ሀሬ» አህያ ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ እስኪያነባቸው ሳቁ። ሰፈሩም ያንን ቀን በዋዛ አልለቀቃትም፤ ሕፃናት ሳይቀሩ በሱቋ ደጅ ሲያልፉ እንደ አህያ ይጮኹባት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ «ሬ»ና «ፌ» ባለ ድምፅ የሚያልቅ የኦሮምኛ ቃል አፏ ላይ ሲመጣ ማሪቱ እሳት እንደነካች ሁሉ ትሸሸዋለች፤ ጫፉን አፏን ከፍታ «ራ»፣ «ፋ» ብላ ትጨርሰዋለች። እንዲያ ከሆነ ቢያንስ ሰው አልሰድብም ብላ።

ኅዳር ሲገባ ሄመን ማነከስ ጀመረች። ባይሳ የዕረፍት ቀን ብሎ የሰጣትን ቀን ሁሉ በድብቅ አስፋልት ላይ ስትሮጥበት ነበርና። ማሪቱ ታውቅ ነበር፤ «የኔ ጎበዝ» ብላ ዝም አለች። ማረፍ ስንፍና ይመስላት ነበር፤ ላቧን አፍስሳ ያደረች ሴት ዕረፍትን ከየት ታውቀዋለች?

ሕመሙ በእግሯ ላይኛው በኩል፣ ከሁለተኛዋ ጣት ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጣት ልክ ቦታ ላይ ነው። ማሪቱ «ወለምታ ነው» ብላ ወጌሻዋን ወርቅቱን አስጠራች። ወርቅቱ ቅቤ ቀብታ አሸችው፣ ጎተተችው፣ አስጮኸቻት። በማግስቱ እግሩ ዳቦ አከለ። ባይሳ ሲያይ ተቆጣ፤ ማሪቱንና ሄመንን ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ አዲስ አበባ ክሊኒክ ላካቸው። መንገዱን ሁሉ ሄመን የማሪቱን እጅ ይዛ እግሯ ላይ ታስነካታለች። «እዚህ ጋ ነው እትዬ፣ ለፌ ነው እንጂ ሥጋው አይደለም፤ ለፌ፣ አጥንት» ትላለች።

ራጁ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ታየች። ሐኪሙ በብዕሩ ጫፍ ሲያሳያቸው ማሪቱ መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገች።

«ስንጥቅ ነው» አለ። «ከመውደቅ የመጣ አይደለም። ሩጫ ከማብዛት ነው።»

«ሩጫ አጥንት ያጠነክር የለም እንዴ፣ ዶክተር?»

«ያጠነክራል። ግን መጀመሪያ ያደክመዋል፣ እናቴ። ቤት ሲታደስ አይተዋል? ያረጀው ጭቃ ይፈርሳል፣ ከዚያ አዲሱ ይመረጋል። አጥንትም እንደዚያው ነው። ያልለመደ ሰው ሩጫ ሲጀምር አካሉ የድሮውን አጥንት እየፈረፈረ የሚበረታውን ይሠራል። የሚሠራው ሲያርፍ ነው። እሷ ግን የፈረሰው ግድግዳ ሳይመረግ በላዩ ሮጠችበት።» ወደ ሄመን ዞረ። «አርፈሽ ከተኛሽ ይገጥማል፤ ከበፊቱም ይበረታል። ለጥር ውድድርሽም ትደርሻለሽ። ከረገጥሽበት ግን ለሁለት ይከፈልና ተጣሞ ይገጥማል። ያኔ ሩጫ የለም።»

ሄመን ከዚያ ወዲያ የታዘዘችውን አደረገች። በፋሻ የታሰረ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ከሱቁ ጀርባ ተኛች። ማሪቱ ታበላታለች፣ ታጥባታለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቅቤዋን ያሻሸችውን ወርቅቱን ትረግምላታለች። ሄመን ትስቃለች። እብጠቱም ቀን በቀን እየጎደለ ሄደ።

አገሩ ግን በዚያው ሰሞን በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተናወጠ። ቡራዩ ተማሪ ወጣ፣ ሰበታ መንገድ ተዘጋ ሲባል ሰንብቶ ነገሩ ሱሉልታም ደረሰ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ጥይት ተተኮሰ። ባይሳ ልምምድ አቆመ፤ በዚያ ሰሞን ጎዳና ላይ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ከአንድ ነገር የሚያመልጥ ይመስል ነበር። ማሪቱ ሱቋን ግማሽ በር ዘግታ ትውላለች። ስለ ልጅቱ ግን አልሰጋችም፤ የተኛ ሰው ማን ይነካዋል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። ሁለት ፌዴራሎችና አንድ ወጣት የክልሉ ፖሊስ ነበሩ፤ አለቃቸው ዱላ የያዘው ፌዴራል ነው። የተደረደረውን ጫማ በዱላው ገለባበጠ።

«ሌላ ማን አለ?»

«ልጄ ናት። ታማ ተኝታለች።»

መጋረጃውን በዱላው ገለጠ። ሄመን ቀና አለች።

«እግርሽ ምን ሆኖ ነው የታሰረው?»

ማሪቱ ቀደመቻት። የፈራ አፍ ይቸኩላል። «ስትሮጥ ነው የተጎዳችው!»

«ከማን ስትሮጥ?»

ማሪቱ የተናገረችውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። «ልምምድ ላይ ነው የኔ ጌታ! አትሌት ናት እኮ!»

«ሱሉልታ አትሌት ያልሆነ አለ እንዴ? ዛሬ የያዝናቸው ሁሉ አትሌቶች ናቸው» አለና ጓደኛውን አይቶ ሳቀ።

ማሪቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ራጅ አውርዳ በሁለት እጇ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋች። «ይኸውልህ፣ እየው፣ ይቺን መስመር እያት!»

«ይሄ የማን አጥንት እንደሆነ እኔ ምን አውቄ?» አለ ሰውየው። «ተነሽ!»

ማሪቱ ዞር ስትል ወጣቱን የክልል ፖሊስ አየች። በሩ ላይ ቆሞ ጫማዎቹን ይመለከታል። የአገሩ ልጅ ነው፤ በቋንቋው ብለምነው ይራራል፣ ለአለቃውም ያስረዳልኛል ብላ አሰበች። አጥንት የሚለውን ቃል ፈለገች። ታውቀዋለች፤ ሄመን እጇን ይዛ ስንት ጊዜ ነግራታለች። ቃሉ ከሆዷ ተነስቶ አፏ ደረሰ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ያ የአህያ ነገር ትዝ አላት፤ ምላሷ ልማዱን ይዞ ሸሸ፣ ቃሉንም አፏን ከፍታ ጨረሰችው።

«ኢንተላ ኮ!» ብላ ጮኸች፤ ልጄን ማለቷ ነው። ወደ ሄመን እግር እየጠቆመች ደጋገመችው፦ «ለፋ ኢሼ! ለፋ ኢሼ!»

«ለፌ» አጥንት ነው። «ለፋ» መሬት ነው። ማሪቱ የልጅቱን አጥንት አሳየሁ ብላ «መሬቷን! መሬቷን!» እያለች ጮኸች።

አለቃው ኦሮምኛ አያውቅም። ያችን አንዲት ቃል ግን ያውቃታል፤ ያን ሰሞን ከየሰልፉ ስትጮኽ ሲሰማት የሰነበታት ቃል ናት። ፊቱ ተለወጠ። «ለፋ አለች? ቤት ውስጥ ደግሞ መፈክር?»

«ለፌ ማለቷ ነው!» ሄመን ከአልጋው ጮኸች። «ለፌ! ለፌ! አጥንት!»

«እሷም ትቀበላታለች!»

ወጣቱ ፖሊስ አፉን ከፈተ። ገብቶታል፤ ማሪቱ ዓይኑ ላይ አይታዋለች። አለቃው ዞሮ ሲያየው ግን አፉን መልሶ ዘጋና አንገቱን ደፋ። ማሪቱ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ልትረግመው ሞክራለች፣ አልሆነላትም፤ እሱ ዝም ነው ያለው፣ የተናገረችው እሷ ናት።

ሄመንን በክንዷ ጎትተው አወጧት። የታሰረ እግሯ መሬት ሲነካ የጮኸችው ጩኸት እስከ መንገዱ ተሰማ። ማሪቱ እጇ የገባላትን ጫማ ይዛ ከኋላቸው ብትሮጥም መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር። ቤት ሙሉ ጫማ እያለ ባዶ እግሯን ወሰዷት።

ማሪቱ ያልሄደችበት ጣቢያ የለም። ምግብ በሳህን ይዛ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ተንከራተተች፤ «እዚህ የለችም» ከማለት በቀር የሚነግራት አጣች። በኋላ ወደ ሩቅ ካምፕ ተወስደዋል የሚል ወሬ ሰማች። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ ይዞራል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ «ማሪቱ ናት ያስያዘቻት» ይባላል። አንዳንዱ ደንበኛ ሱቋን እያለፈ ሌላ ጋ መግዛት ጀመረ። ውሸት ነው እንዳትል ውሸት አይደለም፤ እውነት ነው እንዳትል እንዲያም አይደለም። ጫማዋን ትወለውላለች።

ጥር ገባ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ሰው እልል አለ። ማሪቱም ስለ ኦቦ ጎበና ማሳ ስትል ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ተቀምጣ አለቀሰች። የክለቡም ውድድር ተካሄደ። ባይሳ መጥቶ ሌላ ልጅ እንዳለፈች ነገራት፤ ቆሞ ቡና እንኳ ሳይል ሄደ።

ሄመን የተለቀቀችው የጥር መጨረሻ ላይ ነው። ፀጉሯ ተላጭቷል። ማሪቱ ግን በመጀመሪያ ያየችው እግሯን ነው፤ ከላይ፣ ያ አንድ ጣት ቦታ፣ እንደ እንቁላል ጫፍ አብጦ ጠንክሯል። ካምፑ ውስጥ በባዶ እግር ጠጠር ላይ አስሩጠዋቸዋል፤ እንደ እንቁራሪት አስዘልለዋቸዋል። «ተሰብሯል ስላቸው፣ አትሌት አይደለሽም ወይ፣ ሩጪ ይሉኛል» አለች። አጥንቱ ሲከፈል ድምፁን ሰምታዋለች።

ያው ሐኪም አዲሱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። «ገጥሟል» አለ በመጨረሻ። «ተጣሞ ነው የገጠመው። በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ሥራ ትሠሪያለሽ። ሩጫውን ግን እርሺው።»

ሲወጡ ማሪቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ሄመንዬ፣ ባልናገር ኖሮ…» አለች፣ እንባ ቀደማት።

«ተዉ እትዬ» አለች ሄመን። አቅፋ አነሳቻት። ይቅር ብላት ይሆን፣ ደክሟት ይሆን፣ ማሪቱ መለየት አልቻለችም።

ኦቦ ጎበና ልጃቸው መለቀቋን እንደሰሙ በሳምንቱ መጡ። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የለበሱ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍላቸውም። ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን በሉ፣ ከዚያ ማሪቱን አይተው ልጃቸውን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አጥፍተሽ ነው የወሰዱሽ እያሉኝ ነው» አለች ሄመን።

ማሪቱ ይህን ቀን ስትጠብቀው ነበር። በኦሮምኛ ልትሞክረው አልደፈረችም። ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አጣፋች። «ንገሪልኝ» አለች። «ኦቦ ጎበና፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ። አጥንቷን ላሳይ ብዬ ቋንቋችሁን አበላሸሁት፤ መሬት አልኩ። በኔ አፍ ነው የተያዘችው። እግሯም በኔ ምክንያት ነው የጠፋው፤ ከእንግዲህ አትሮጥም፤ ሐኪሙ ነግሮናል። ይርገሙኝም እንደሆነ ይርገሙኝ። እንዳለ ንገሪልኝ ልጄ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

ሄመን ወደ አባቷ ዞራ መናገር ጀመረች። ማሪቱ ሁለት ቃል ጠበቀች። «ለፋ» መባል አለበት፤ «ለፌ» መባል አለበት። ያለነዚያ ነገሩ አይነገርም። ሄመን በለሰለሰ ድምፅ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና አበቃች። ከሁለቱ ቃል አንዱም አልተጠራም።

ኦቦ ጎበና ተነሱ። የማሪቱን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አዴ ማሪቱ፣ ዋቅኒ ኢሲን ሃ ኤቢሱ» አሉ፤ እግዜር ይባርክዎ። ከዚያ ረዘም አድርገው ተናገሩ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች ማሪቱ።

ሄመን አላየቻትም። «እንደ እናት ሆነው አስታመሟት፣ በየጣቢያው ፈለጓት፣ ውለታዎን አልረሳም ነው የሚሉት። እግሬ እስኪጠና ቤት ወስደው ያሳርፉኛል። ለከርሞው ውድድር ሊመልሱኝ ነው። አልጋዋን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ ይላሉ።»

ማሪቱ ሽማግሌውን አየች። ተስፋ ያደረገ ሰው ፊት ነበር፤ መልሷን ይጠብቃሉ። ሄመንንም አየች። ልጅቱ ዓይኗን ቀና አድርጋ፣ እሺ ይበሉ በሚል ልመና፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ አባቴ» አለች ማሪቱ። «አልሰጥባትም።»

ሸኘቻቸው። ሚኒባሱ የሚቆመው ከሱቁ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። ኦቦ ጎበና ጓዟን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ የሙሎን ወሬ፣ ስለ ተነቀለው ችካል፣ ስለ ስንዴው ይነግሯታል። ሄመን ከኋላ ትከተላለች። አባቷ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ሲያዞሩ ታነክሳለች፤ ሊያዩዋት ዘወር ባሉ ቁጥር ግን ጥርሷን ነክሳ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትረግጣለች።